እጅ መስጠት

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የአጎቴ ቤት ቡና እየተፈላ፣ አርብ ማታ ፖከር ላይ የተበላሁበትን ጨዋታ አወራሁ። ወሬዬን ሳልጨርስ ተፈረደብኝ። «80 ዶላር ለመመደብ ምን አስቸኮለህ? ዝም ብትል ኖሮ ገንዘብህ ይቀርልህ ነበር» አለኝ የአጎቴ ልጅ። አጎቴ ደግሞ አጽናኑኝ፦ «ግን መጨረሻ ላይ አልሸሸህም። እሱን ወድጄልሃለሁ።»

ሁለቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። እኔ ግን ወቀሳውንም ምስጋናውንም አልቀበልም።

ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሁሉም የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ። በእጄ አስና ንጉሥ ይዣለሁ። መጀመሪያ ከወጡት ሦስቱ አንዱ አስ ነው፣ ሁለቱ ባለ ልብ ናቸው። አራተኛው ለማንም የማይረባ ሁለት ቁጥር ሆነ። መሐል 120 ዶላር ተጠራቅሟል። 80 መደብኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ሁለት ልብ ይዘው፣ እጄን የሚያሸንፍላቸውን አምስተኛ ልብ ይጠብቁ ኖሯል፤ ከፈሉ።

እሳቸው ካላዩዋቸው 46 ካርታዎች ልብ የሆኑት 9 ናቸው፤ ከመቶ 20 አይሞላም። 200 ለማግኘት 80 መክፈል የሚያዋጣው ደግሞ ዕድሉ ከመቶ ወደ 29 ሲጠጋ ነው። ዝም ብል ኖሮ ያቺን አምስተኛ ካርታ በነፃ አሳያቸው ነበር። ባለ ልብ ሰባት መጣች። መምጣቷ ግን 80ውን ስህተት አያደርገውም። ነገም ያው እጅ ቢመጣልኝ ያንኑ እመድባለሁ።

የአጎቴ ልጅ ወቀሳ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ ኮንከር ስንጫወት የጣልኩት ካርታ ሁሉም ፊት ተጋድሞ ይታያል፤ ቀጣዩ አንስቶ ከዘጋበት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ክርክር የለውም። በቆርኪ ዳማ ስንጫወትማ ተመልካቹ ከተጫዋቹ ይበዛል። ቆርኪው ላይ ጣትህን ከማሳረፍህ አንዱ «ተው!» ይልሃል፣ ሌላው እጅህን ይዞ ይመልስሃል። ምክሩም ስድቡም ጨዋታው መሐል ነው። እዚህ ፖከር ጠረጴዛ ላይ ግን ለአንድ እጅ አንድ ሰው ነው፤ ሳትወስን ማንም አፉን አይከፍትም። ይህን ወድጄዋለሁ፤ ብቻህን የወሰንከውን ብቻህን ትመረምረዋለህ።

ስመረምረው ያገኘሁት ጥፋት ግን አጎቴ ያመሰገኑኝ ቦታ ላይ ነው። ሰባቷ ከወጣች በኋላ አዛውንቱ 200 መደቡ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አብረን ተቀምጠን ባዶ እጃቸውን ሲያስፈራሩ አንድም ጊዜ አላየሁም። ሦስተኛው ልብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሏል። አውቄ ነው የከፈልኩት። እጄ ካርታዬን ወደ አዳዩ ሊገፋ ተነሥቶ፣ ተመልሶ ገንዘቡ ላይ አረፈ። ካርታን ጥሎ መውጣት በአማርኛ ስሙ ራሱ ከባድ ነው፤ እጅ መስጠት። ያደግነው እጅ ያልሰጡ ሰዎችን ታሪክ እየሰማን ነው፤ ሦስት ሰዓት ላላወራኋቸው አዛውንት እጅ መስጠት አቃተኝ።

ደግሞ ያ 200 የጎዳው ኪሴን ብቻ አይደለም። አዛውንቱ 80ውን ሲከፍሉ የሚያገኙት 200 ብቻ ቢሆን ኖሮ ይከስሩ ነበር። ልብ ከመጣላቸው እኔ ሌላ 200 እንደምጨምርላቸው ካወቁ ግን 400 ለማግኘት ነው 80 የከፈሉት፤ ያ ያዋጣቸዋል። 80ዬ የዘጋውን በር 200ዬ ከፈተው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስኳር ዕቃው ክዳን ላይ የቡና ፍሬ እየደረደርኩ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፦

«እሺ፣ እጅ ብትሰጥ ኖሮ ሰውዬው ምን ይዘው እንደነበር በምን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ ጋሼ። ካርታቸውን ማሳየት አይጠበቅባቸውም።»

«መቼም?»

«መቼም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ አልተስማማንም።