ዓሣ ግማቱ ከወዴት ነው?

አበው "ዓሣ ግማቱ ከአናቱ" ይላሉ። አባባሉን ለባለሥልጣናት እንተወውና እስቲ ስለ እውነተኛው ዓሣ እናውራ። በመስታወት ገንዳ የሚኖር ዓሣ መበስበስ የሚጀምረው ከክንፉና ከጭራው ጫፍ ነው። ቀድሞ የሚጋለጠው ደግሞ ከታች ጠጠሩ ላይ ተኝቶ የሚውለው ነው።

አቃቂ በሰቃ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶችና ስድስት ኮሪዶራሶች እንኖራለን። ኮሪዶራስ ጺም ያላት፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ፣ ቀኑን ሙሉ ወለል ስትፈትሽ የምትውል ዓሣ ናት። የአምባዛችን የሩቅ ዘመድ ናት ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ጋዜጠኝነት ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ዓሣ ምን ያደርግላቸዋል? ትሉ ይሆናል። ቴሌቪዥን የለንም፤ እነሱን እናያለን!

ባለፈው ክረምት መብራት ሦስት ሌሊት በተከታታይ ጠፋ። ውሃም በፈረቃው ቀን ሳይመጣ ቀረ። ማሞቂያውም ማጣሪያውም ቀጥ አሉ። በሳምንቱ የሁለቱ ጭራ ጫፉ ነጣ፣ ከዚያ እንደ አሮጌ ነጠላ ተተለተለ፣ ሥሩም ቀላ። አከራያችን እማማ አዩና "የሰው ዓይን በልቷቸው ነው ልጆቼ፣ ሸፈን አድርጉት" አሉን። ዓሣ የሸጠልን ልጅ ደግሞ "ቴትራሳይክሊን ከፍታችሁ በትኑበት፣ አለቀ!" አለ። የእማማን ምክር ተቀበልን፤ ጋቢ ቢያንስ ሙቀት ይይዛል። የልጁን ግን ተውነው። ምክንያቱን እነሆ።

ክንፉን የሚበሉት እነ ኤሮሞናስና ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከውጭ የመጡ ወራሪዎች አይደሉም፤ ገንዳ ውስጥ ሁሌም አሉ። ጤነኛ ዓሣ ይቋቋማቸዋል። ውሃው ሲቆሽሽ፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ዓሣው ሲጨናነቅ ግን መከላከያው ይደክማል፤ ያኔ ይሠለጥኑበታል። የምግብ ትራፊና ኩስ ደግሞ የሚወርደው ወደ ታች ነው። ጠጠር መሃል ገብቶ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል። ከላይ የሚዋኘው የጣለው፣ ከታች ላለው ፍራሽ ይሆነዋል ማለት ነው።

ስለዚህ መከላከያው ከወለሉ ይጀምራል። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን ቀይሩ። ስትቀይሩ ከላይ በጆግ አትቅዱ፤ በቀጭን ጎማ ከጠጠሩ ሥር ሳቡት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አፉ ሰፊ ባልዲ ውስጥ 24 ሰዓት ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። ስለታም ጠጠር ጺምና ክንፍ ያቆስላል፤ ደቃቅ አሸዋ ይሻላል። የማጣሪያውን ስፖንጅ ከገንዳው በወጣ ውሃ ብቻ እለቅልቁ፤ አሞኒያን የሚያከሽፉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች እዚያ ናቸው። ሙቀቱ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። መብራት የጠፋ ቀን ምግብ አትስጡ።

በሽታው ከገባስ? የታመመውን ለዩ፤ ውሃውን በየቀኑ ሩብ ሩብ ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ይኼ ብቻውን ይበቃል። ጨው የሚያዝ አይጠፋም። መጽሐፉ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ስለሚል ብዙ ሰው አምባዛ አይበላም አይደል? ኮሪዶራስም እንደ አምባዛው ቅርፊት የላትም፤ ለሌላ ዓሣ የታዘዘ ጨውም ሆነ መድኃኒት በሙሉ መጠን አይሰጣትም። ቴትራሳይክሊን በግምት ሲበተን ደግሞ ጠቃሚዎቹንም ይፈጃል፣ የተረፉትን መድኃኒት ያለማምዳል። መበስበሱ ወደ ገላ ከወጣ የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ከሁለቱ አንዷ ሞተች፤ መበስበሱ ሥሯ ደርሶ ነበር። የሌላዋ ጭራ ጫፍ ላይ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ክንፍ በቀለ። አዲስ ክንፍ ሲበቅል እንዲህ ነው። ደስታችን ሥራ ያገኘን ያህል ነበር።

ይኼን ሁሉ የምንጽፈው ለዓሣ ብቻ ብለን አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው በእኛ በኩል ወርደው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓዶች ይወጣል፤ የታጠበችበት ግን ተመልሶ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በዚያ ወንዝ ጎመን ይጠጣል፣ ከብት ይጠጣል። እኛ የከተማዋ ወለል ላይ ነን። ከታች ያለው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን ይዋጥ?" ሳይሆን "ምን ወረደበት?" መሆን አለበት።

እናንተስ፣ ከላይ ያላችሁ… ዛሬ ምን ደፋችሁ?

ሰላም ሰንብቱ!