ከመሳቢያ ያልወጣው ጥናት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1826፣ ሰኞ ዕለት፣ ለፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ ጉባኤ አንድ የሒሳብ ጥናት ቀረበ። ጸሐፊው ኒልስ ሄንሪክ አቤል የሚባል የ24 ዓመት ኖርዌጂያዊ ነበር። የአካዳሚው ቋሚ ጸሐፊ ፉሪየር መግቢያውን አነበበ፤ ጥናቱን መርምሮ ሪፖርት የሚያቀርብ ኮሚቴም ወዲያው ተሰየመ። የኮሚቴው አባላት ሁለት ነበሩ፦ ለዣንድር እና ኮሺ። ሪፖርቱን አዘጋጅቶ ጉባኤው ፊት የማቅረቡ ኃላፊነት የኮሺ ሆነ። ኮሺ ጥናቱን ይዞ ቤቱ ገባ። አቤል በሕይወት እስካለ ድረስ ስለዚያ ጥናት ከአካዳሚው አንዲት ቃል አልሰማም።

ይህን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። ያልተማሩ ሰዎች ሳያውቁ ዕውቀትን ቢረግጡ ያሳዝናል እንጂ ይህን ያህል አያበግንም። እዚህ ግን ወረቀቱ የወደቀው ሊያነቡት በሚገባቸው ሰዎች እጅ ላይ ነበር። ለዣንድር የ74 ዓመት አዛውንት ነው፤ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜውን የሰጠው ኤሊፕቲክ ኢንቴግራል ለሚባሉት የሒሳብ ስሌቶች ነው። ኮሺ ገና 37 ዓመቱ ቢሆንም በዘመኑ ከነበሩት ግንባር ቀደም የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ነበር። የአቤል ጥናት ደግሞ የለዣንድርን የዕድሜ ልክ ሥራ ማንም ወዳላሰበው ስፋት የሚወስድ ነው። ኦይለር ቀደም ብሎ ሁለት ኤሊፕቲክ ኢንቴግራሎች ሲደመሩ ወደ አንድ ሊጠቃለሉ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር። አቤል ይህ የኤሊፕቲክ ኢንቴግራል ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ አረጋገጠ፤ ከአልጀብራ እኩልታ የሚመነጩ ኢንቴግራሎች ብዛታቸው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ድምራቸው ብዛታቸው በእኩልታው ጠባይ ወደሚወሰን ጥቂት ኢንቴግራሎች ይጠቃለላል። ከዚያ በኋላ በመጣው የአልጀብራ ጂኦሜትሪ ውስጥ ይህ ግኝት አንዱ የማዕዘን ድንጋይ ሆኗል።

ታዲያ ለምን ሳይነበብ ቀረ? ለዣንድር በኋላ ላይ ለጀርመናዊው ሊቅ ለያኮቢ በጻፈው ደብዳቤ ምክንያቱን ገልጿል። ቀለሙ የደበዘዘ፣ የእጅ ጽሑፉም ለማንበብ የሚያስቸግር ነበር፤ ጸሐፊው አጥርቶ የገለበጠው ቅጂ እንዲያመጣ ሊጠይቁት ተስማምተው ነበር፤ ጥናቱ ግን ኮሺ ዘንድ እንዳለ ቀረ። ቁጭቱ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ተስማሙ፤ የጠየቀ ግን የለም። አቤል እስከ ዲሴምበር መጨረሻ እዚያው ፓሪስ ነበር። ገንዘቡ እያለቀ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየበላ፣ የኮሚቴውን ውሳኔ እየጠበቀ ሁለት ወር ተቀመጠ። «ጽሑፍህ አልተነበበንም፤ እባክህ አጥርተህ ገልብጠህ አምጣ» የምትል አንዲት ብጣሽ ወረቀት ብትላክለት ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦም ቢሆን ይገለብጠው ነበር። ያቺን ብጣሽ መጻፍ የሪፖርቱ ኃላፊ የኮሺ ሥራ ነበር። እሱ ግን በዚያው ዓመት የራሱን ጥናቶች ብቻ የሚያወጣበት መጽሔት ጀምሮ፣ ገጾቹን በተከታታይ ይሞላ ነበር።

አቤል ባዶ እጁን ተመለሰ። በሜይ 1827 አገሩ ሲገባ የሚጠብቀው ዕዳ እንጂ ሥራ አልነበረም፤ በዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ በነበረው ቦታ እሱ ውጭ ሳለ የቀድሞ መምህሩ ሆልምቦ ተሹሞበታል። ተማሪ በግል እያስጠና፣ ቆይቶም ባገኘው ጊዜያዊ የማስተማር ሥራ ይተዳደር ጀመር። ከፓሪስ አካዳሚ የሚወጣ አንድ የምስክርነት ሪፖርት ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ያህል በር ሊከፍት እንደሚችል ለማንም ግልጽ ነው። በመካከሉ የሳንባ ነቀርሳ ጸናበት። በጃንዋሪ 1829 የፓሪሱ ጥናት ጠፍቷል ብሎ ሳይሰጋ አልቀረም፤ ዋናውን ግኝት ብቻ በሁለት ገጽ አጠቃልሎ በርሊን ለሚታተመው የክሬለ መጽሔት ላከው። ኤፕሪል 6 ቀን 1829 ፍሮላንድ በተባለች የኖርዌይ መንደር ሞተ፤ 27 ዓመት አልሞላውም።

ከሞተ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 8፣ ሁለት ደብዳቤዎች ተጻፉ። አንዱ ጥናቱ ለምን እንዳልተነበበ ለዣንድር ከፓሪስ ለያኮቢ ማስተባበያ የሰጠበት ነው። ሁለተኛውን የመጽሔቱ አዘጋጅ ክሬለ ከበርሊን ለራሱ ለአቤል ጻፈው፤ በርሊን ላይ ሥራ እንደተገኘለት የሚያበስር ነበር። የምሥራቹ የደረሰው ለሬሳ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገራችን ሰው። ያኮቢ አጥብቆ ከጠየቀ በኋላ ጥናቱ ኮሺ ዘንድ ተገኘ፤ ሪፖርቱም በጁን 29 ቀን 1829፣ ባለቤቱ ከተቀበረ ወራት ካለፉ በኋላ ቀረበ። በ1830 አካዳሚው ታላቁን ሽልማት ለአቤል እና ለያኮቢ ሰጠ፤ የአቤል ድርሻ ለእናቱ ተላከ። ጥናቱ ታትሞ የወጣው በ1841 ነው። በኅትመቱ ሰሞን የእጅ ጽሑፉ እንደገና ጠፋ፤ አብዛኛው ክፍል ፍሎረንስ ውስጥ ባለ ቤተ መጻሕፍት የተገኘው በ1952 ነበር።

አንድ ጊዜ ቢሆን የሰው ድካም ነው ብለን ባለፍነው። ግን በ1829፣ የአቤል የመቃብሩ አፈር ገና ሳይደርቅ፣ ያው ኮሺ የሌላ ወጣት ጥናት ተቀበለ። የ17 ዓመቱ ኤቫሪስት ጋልዋ እኩልታዎችን ስለ መፍታት የጻፈው ነበር። ኮሺ በጃንዋሪ 1830 ለጉባኤው ሊያቀርበው አስቦ በሕመም ቀረ፤ በቀጣዩ ሰኞ ሲመጣ የራሱን ጥናት አነበበ፤ የጋልዋን አላነሳም። ጋልዋ ሥራውን እንደገና ጽፎ ለዚያው ለ1830 ታላቅ ሽልማት አስገባ። ፉሪየር ወረቀቱን ቤቱ ወሰደው፤ በሜይ ሞተ፤ ከሟቹ ወረቀቶች መካከል የጋልዋ ጥናት አልተገኘም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስገባ በ1831 ማስረጃው በቂ ግልጽነት የለውም ተብሎ ተመለሰለት፤ ቢያንስ ያን ጊዜ ያነበበውና የመለሰለት ሰው አገኘ። በሜይ 1832 በጥይት ፍልሚያ ቆስሎ ሲሞት 20 ዓመቱ ነበር። ሊዩቪል የተባለ ሊቅ ወረቀቶቹን ለቃቅሞ ያሳተማቸው በ1846 ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የጋልዋ ቲዎሪ ያ ነው።

እነዚህን ወጣቶች ምቀኝነት ጎዳቸው የሚል ማስረጃ የለኝም። የጎዳቸው የሥራ አለመሠራት ነው። ኮሚቴው የሥራ ቀነ ገደብ አልነበረውም። የዘገየውን ኮሚቴ በየሰኞው «የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሰነዱ በማኅበሩ መዝገብ ቤት በመቀመጥ ፈንታ ግለሰብ ቤት ገባ። ጉዳዩን የያዘው ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት በእጁ ያለውን የሚረከብ ሰው አልተመደበም። ከእነዚህ ውስጥ ሊቅነት የሚጠይቅ አንድም የለም፤ አንድ ጠንቃቃ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። ያ ሁሉ ዕውቀት የተሰበሰበበት ጉባኤ በዚህች ተራ ጥንቃቄ ማጣት ሁለት ሰዎችን በቁማቸው አጣቸው። ቢኖሩ ኖሮ ምን ይሠሩ እንደነበር ማንም ሊነግረን አይችልም፤ ይህ የማይተካ ኪሳራ ነው።

እኛም ዘንድ የሳይንስ ማኅበራት አሉን፤ የኤዲቶሪያል ኮሚቴ፣ የሽልማት ኮሚቴ፣ የጥናት ገምጋሚ ኮሚቴ በየጊዜው ይሰየማል። ሰብሳቢነት ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ክብር ነው፤ ስም ይጠራበታል፣ በመድረክ ይቀመጡበታል። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፣ ለሚቀጥለው ይደር፣ ሰብሳቢው ለስብሰባ ውጭ ሄደዋል እየተባለ በእንጥልጥል ከሚቀረው ጉዳይ ጀርባ አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ምናልባት ወጣት ነው፤ ምናልባት ከሩቅ የመጣ ነው፤ ደጅ መጥናት ያሳፍረዋል፤ ሁለተኛ ደብዳቤ ለመጻፍ ድፍረቱን አጥቶ ዝም ይላል። ዝም ስላለ ጉዳዩ የሌለ ይመስለናል።

ሰብሳቢ ሆናችሁ የተመረጣችሁ ሁሉ፣ ልመናዬ ይህ ነው። የገባውን ጉዳይ በገባበት ቀን መዝግቡ። መልስ የምትሰጡበትን ቀን ለባለጉዳዩ በጽሑፍ አሳውቁ። ያልተነበበላችሁን አልተነበበንም፣ ያልገባችሁን አልገባንም በሉ፤ መጥፎ መልስም ቢሆን ሰው ያርምበታል፣ ወይም ሌላ በር ያንኳኳበታል። የማኅበሩን ሰነድ ቤታችሁ አታሳድሩ። ከወንበሩ ስትነሱ ያልተቋጨውን ሁሉ በዝርዝር አስረክቡ፤ ቃለ ጉባኤ ላይም አስይዙት። ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ሹመቱን አትቀበሉ፤ ተቀብላችሁም ከሆነ ለሚሠራበት ሰው ዛሬውኑ ልቀቁ።