ኔትወርኩን ስጡን፣ ማማውን ግን... ወዲያ ማዶ!

የዛሬው ሽርሽራችን ላንጋኖ አይደለም፣ ሶደሬም አይደለም። ከስድስት ኪሎ ታክሲ ይዘን ሽሮ ሜዳ እንወርዳለን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ሽቅብ ነው። የጫማችሁን ክር ጠበቅ አድርጉ!

ሽሮ ሜዳን ለቀሚስና ለጋቢ ያልሄደበት የለም። ከሱቆቹ በላይ ያለውን ሰፈር ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? በጠባቡ መንገድ ስትወጡ ከየግቢው የሸማኔ እቃ ድምፅ ይሰማል። ጭራሮ ያዘሉ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። የባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይከፍታል። ከዛፉ በላይ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ። ከቤቶቹና ከጫካው መሃል አንዲት ሜዳ አለች፤ የሰፈሩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ችግሩ ስልክ ነው። ጉብታው ሞገዱን ስለሚጋርደው እዚያ ሰፈር ኔትወርክ እንደ ጥላ መጣ ሄደ ይላል። ነዋሪዎቹ "ቴሌ" ብለው የሰየሙት ድንጋይ አላቸው። መደወል የፈለገ ሰው "ቴሌ ደርሼ መጣሁ" ብሎ ድንጋዩ ላይ ይወጣል። በዝናብም፣ በሌሊትም!

ታዲያ ማማ ሊተከል ነው ሲባል እልል ያሉ አይመስላችሁም? የለም! አንድ ጠዋት ከሜዳዋ ጠርዝ፣ ከአንድ ጡረተኛ አባወራ አጥር ስር፣ ችካል ተቸክሎ ተገኘ። ማን ፈቀደ? ማን ተጠየቀ? ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በእድሩ አዳራሽ ሲሰበሰቡ፣ እዚያ የሚኖር ጓደኛዬ ጠርቶኝ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የተነሳችው አራስ ቤት የከረመች ወጣት እናት ናት። "መኝታ ቤቴ ከችካሉ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ጨረሩ ልጄን ቢጎዳብኝ ማንን ልከሰው?" አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ቀሚስ በቴሌግራም የምትሸጥ ልጅ ቀጠለች። "ዱባይ ያለች ደንበኛዬ 'ፎቶ ላኪልኝ' ትላለች፣ እስኪሄድ ሌላ ቦታ ትገዛለች። እኔ የምበላው ከዚህ ነው።"

አባወራው አንገታቸውን ደፉ። "ኪራዩ ለጡረታዬ ድጎማ ነው። ጎረቤቶቼን ልጎዳ ብዬ አይደለም" አሉ።

ከዚያ አንዲት እትዬ ብድግ አሉ። ያለፈው ክረምት ሌሊት የወንድማቸው ልጅ ምጥ ሲይዛት፣ አምቡላንስ ለመጥራት ድንጋዩ ድረስ በጭቃ የሮጡት እሳቸው ናቸው። "የልጅሽ ነገር ገብቶኛል ልጄ። እኔ ግን ያን ሌሊት አልረሳውም።"

አያችሁ? ሁሉም እውነት አለው!

ስለ ጨረሩ እናውራ

"ጨረር" ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ራጅ ነው። ከማማው የሚወጣው ግን የሬዲዮ ሞገድ ነው። ራጅ ዘረ መልን ሊያበላሽ የሚችል ጉልበት አለው፤ የሬዲዮ ሞገድ ያን ያህል አቅም የለውም። የታወቀው ጉዳቱ መጠኑ ሲበዛ ሰውነትን ማሞቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ሞገድ "ካንሰር የማምጣት ዕድል ሊኖረው ይችላል" ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። ማስረጃው ግን ውስን ነው ብሏል፤ የተነሳውም በዋናነት ጆሮ ላይ ከሚለጠፈው ስልክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ማማ ሲርቅ ስልካችሁ ለመሰማት ኃይሉን ይጨምራል፤ ማማ ሲቀርብ ይቀንሳል። ድንጋዩ ላይ ወጥቶ አንድ መስመር ኔትወርክ የሚለምነው ስልክ ከጆሯችን ስር እየጮኸ ነው ማለት ነው። አንቴናው ደግሞ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት እንጂ በቀጥታ ወደ እግሩ ስር አይደለም የሚያበራው።

ታዲያ እናቲቱ ዝም ትበል? በጭራሽ! ጥያቄዋ መልስ ይገባዋል፤ መልሱም በሐሜት ሳይሆን በመለኪያ መሆን አለበት። ደግሞም ከጨረሩ ይልቅ የሚያንገበግቡ ጥያቄዎች አሉ። መብራት ሲጠፋ ሌሊቱን የሚያጓራው ጄኔሬተርስ? የልጆቹ ሜዳስ?

"ወደ ጫካው ይወሰድ!" ብሎ ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። አንድ ሽማግሌ ግን ሳቁ። "ጫካው አፍ ስለሌለው ነው? መንገድ ሊቀደድለት፣ ምሰሶ ሊሳብለት፣ ዛፍ ሊቆረጥለት ነው እኮ።" ጭብጨባው ቆመ።

ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣ አንድ ሰውም የዚያን አገር ነገር አጫወተን። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ማማው የፌዴራሉን የጨረር ልክ ካሟላ የአካባቢ አስተዳደር "ጨረር አለው" ብሎ ሊከለክል አይችልም። በቦታውና በመልኩ ግን ነዋሪ ይከራከራል። አንዳንድ ቦታ ማማውን የጥድ ዛፍ አስመስለው ያቆሙታል። "እኛ ጋ በባሕር ዛፍ ነዋ!" ሲል አንዱ ጎረምሳ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

በመጨረሻ አምስት ሰው ተመረጠ። እናቲቱም፣ ቀሚስ ሻጯም ገብተውበታል። ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ለወረዳውና ለኩባንያው ያቀርባሉ፤ እስከዚያ ችካሉ ባለበት ይቆያል።

ችካል ከደጃችሁ ካያችሁ

ወገኖቼ፣ ነገ ተረኛው የእናንተ ሰፈር ሊሆን ይችላል። ችካሉን በሌሊት አትንቀሉ! ይልቅ እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። የጨረሩ ልክ ከዓለም አቀፉ ወሰን በታች መሆኑን ማን ለካ? ጄኔሬተሩ የት ይቀመጣል? ማማው በአውሎ ነፋስ ቢወድቅ ከቤት ይደርሳል? በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛው የሞባይል ኩባንያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ሁለቱ አንዱን ማማ ይጋራሉ ወይስ ነገ ሌላ ይተከላል? መልስ ካጣችሁ በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ አቤቱታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ስትጠይቁ ግን ልጇን ያቀፈችውንም፣ በምጥ ሌሊት በጭቃ የሮጡትንም አንድ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው። አንዷ ያልተሰማችበት ስምምነት ማማው ሳይቆም ይፈርሳል።

ቸር ያሰማን!