አባቴ ቀለም የከለከሉት ቦታ

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። እንጀራዬ ዕቃ ከላይ ሲታይ እንዲያምር ማድረግ ነው። ለገና በዓል አንበሳሜ ወላጆቼ ቤት ሄጄ የአባቴን አሮጌ ፎኒክስ ብስክሌት ዝጎ ቆሞ ሳየው፣ «ይሄ እኮ ቀለም ብቻ ነው የጎደለው» አልኩ። ታናሽ ወንድሜ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በእግሩ ነው። አድሼ ልሰጠው ወሰንኩ።

ይህን ብስክሌት ባሕር ዳር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ጥቁር፣ ባለ 28 ጎማ፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ። አባቴ መምህር ነበሩ። በልጅነቴ ከኋላ መጫኛው ላይ አስቀምጠውኝ ሲሄዱ፣ ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተካፈለችበት የ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት እንደተወዳደረ ይነግሩኝ ነበር። ዳገት ሲመጣ ወርደው ይገፋሉ፤ እኔ ግን እንደተቀመጥኩ ነኝ።

እናንተም ቤታችሁ መሞከር ካማራችሁ፣ ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ጎማዎቹን፣ ፓራፋንጎውንና ካቴናውን ፍቱ። ቡሎኖቹን እንዳይጠፉ በአንድ ጣሳ አጠራቅሙ። ቅባቱን በሳሙና አጥቡ። ከዚያ ዝገቱን በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ አቧራ እንዳይነሳ ውኃ እያስነካችሁ ሥሩ፤ ሕፃናትን አርቁ። ብረቱን ወዲያው አድርቁት፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይዝጋል። በቲነር ጠርጋችሁ አንቲረስት ቀቡ። ዋናው ቀለም የሚቀባው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዴ በወፍራሙ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ፣ በየመሀሉ እያደረቁ።

እኔ ቸኮልኩ። ቴላዮውን ከግቢው ዛፍ ላይ በሽቦ ሰቅዬ በወፍራሙ ረጨሁት። ቀለሙ እንደ እንባ ወረደ። ጊዜው የመውቂያ ነውና ነፋሱ ከአውድማ ያመጣው የጤፍ እብቅ እርጥቡ ቀለም ላይ ተለጠፈ። ሲደርቅ እንደገና ፈግፍጌ፣ በማግስቱ ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ደገምኩት።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነበር። ቸርኬዎቹ ዝገዋል ብዬ ዙሪያቸውን በሙሉ ብርማ ቀለም ቀባኋቸው። ገጣጥሜ ሳቆመው ብስክሌቱ አዲስ መሰለ፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። ወንድሜ ሊወጣበት ሲል አባቴ መሪውን ያዙ።

«ፍሬኑን ሞክረኸዋል?» አሉኝ።

ራሴ ወጣሁበት። ከቤታችን ፊት ያለችው ቁልቁለት አጭር ናት። ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ አልያዘም። አጥብቄ ጨበጥኩ፤ የፍሬኑ ጎማ ቀለሙ ላይ ተንሸራተተ። በእግሬ መሬቱን እየጎተትኩ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ክርኔ ተላጠ። ወንድሜ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።

የዚህ ብስክሌት ፍሬን የሚይዘው ጎማው የቸርኬውን ብረት ሲነካ ነው። ቀለም በመሀል ከገባ ያንሸራትታል። ስለዚህ የፍሬን ጎማ የሚያርፍበትን፣ ቡሎን የሚገባበትን፣ ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታ ቀለም እንዳይነካው በፕላስተር ሸፍኑ። ብስክሌቱ በትክክል እስኪቆም ድረስም ለማንም ልጅ አትስጡ።

ከሰዓት በኋላ አባቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን የቸርኬዎቹን ቀለም በቲነርና በብርጭቆ ወረቀት አስለቀቅን፤ የፍሬኑንም ጎማዎች ቀየርን። የቀረችኝ የኋላ መጫኛው ነበረች። ቀለሙን ሳነሳ አባቴ እጄን ያዙኝ።

«እሷን ተዋት።»

ተመለከትኩ። መሀሉ ላይ ቀለሙ ከድሮ ጀምሮ ተልጦ ብረቱ ለስልሶ ያብረቀርቃል። እኔ የተቀመጥኩባት ናት። ዝገት እንዳይበላት በጨርቅ ዘይት ብቻ ቀባናት።

አሁን ባሕር ዳር ሥራዬ ላይ ነኝ። ወንድሜ በየጠዋቱ ደብተሩን እዚያችው ላይ አስሮ ይሄዳል። አባቴ ከመውጣቱ በፊት ፍሬኑን በእጃቸው ጨብጠው ሳይሞክሩ አይለቁትም አሉ።