በተከዜ ሐይቅ ላይ የሞተር ጀልባን ፍጥነትና ለመሪ መታዘዝ ስለ መመርመር

የተከዜ ወንዝ ለዋግ ሰው ከጥንት ጀምሮ ወሰንም መንገድም ሆኖ ኖሯል። በበጋ ውኃው ሲጐድል መንገደኛው መልካውን ይዞ በእግሩ ይሻገር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ ስለሚያገሣ ወዲያና ወዲህ ማዶ ያሉት ዘመዳሞች ውኃው እስኪጐድል ድረስ ተለያይተው ይከርሙ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ይህን አሮጌ ልማድ ለወጠው። ግድቡ 188 ሜትር ቁመት ያለው፣ በተመረቀም ጊዜ በአፍሪካ ካሉት የቅስት ግድቦች ሁሉ ከፍ ያለ፣ 300 ሜጋ ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ውኃውም ወደ ኋላ እየተኛ በሸለቆው ውስጥ እስከ ዋግ ኽምራ ቈላ ድረስ ገባና የቀድሞውን መልካ ሸፈነው። እንግዲህ በእግር ይታለፍ የነበረው ስፍራ በጋ ከክረምት ጀልባ የሚሻ ሆነ። ጀልባ ካስፈለገ ደግሞ መልካሙን ከክፉው መለየት የቤተ ሰብ ሁሉ ጉዳይ ነውና፣ በዚህ ነገር ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ለመጻፍ ወደድን።

ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ ወደ አበርገሌ ቈላ ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ የገብሱ ማሳ በማሽላ እየተተካ፣ ከገደሉም ጥግ የዕጣን ዛፍ እየታየ ይሄዳል። በስሙ የታወቀው የአበርገሌ ፍየልም በየቊጥቋጦው ተበትኖ ይገኛል። በገበያውም ኽምጣኛና አማርኛ ተቀላቅለው ይሰማሉ። እኛ የወረድነው በጥቅምት ወር ነበረና ሐይቁ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ ሞልቶ፣ በገደሎች መካከል እንደ ረጅም ጐዳና ተዘርግቶ አገኘነው። ዓሣ አጥማጆቹም ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ወደ ዳር ይመለሱ ነበር።

ያየናት ጀልባ አምስት ሜትር የምትረዝም፣ በኋላዋ ላይ የሚንጠለጠል የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት ነበረች። እንዲህ ያለውን ተንጠልጣይ ሞተር በዓለም ያስፋፋው ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለ፣ በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ መካኒክ ሲሆን፣ ለገበያ ያወጣውም በ1909 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ለእጮኛው አይስ ክሬም ሊያመጣ በሙቀት ቀን ሐይቁን እየቀዘፈ ሲሻገር አይስ ክሬሙ ስለ ቀለጠበት ይህ አሳብ እንደ መጣለት ይተረካል። ታሪኩ እውነት ከሆነ ሞተሩ የተወለደው ከቤት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን በባሕር ዳርቻ የተመሰገነ ሞተር በደጋው አገራችን ያንኑ ምስጋና አያገኝም። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱም ይቀንሳል። ቅነሳውም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ነው። የተከዜ ሐይቅ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,140 ሜትር ያህል ስለሚደርስ የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር በዚያ የሚሠራው እንደ 35 ነው። በጣና ሐይቅ ላይ ደግሞ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነውና ቅነሳው ከዚህ ይብሳል። መድኀኒቱ ውኃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር መለወጥ ነው፤ በአንድ ዙር አጭር መንገድ የሚገፋ ፕሮፔለር ከተገጠመ ሞተሩ ሳይጨነቅ የታዘዘለትን ዙር ይሞላል፤ የጠፋው ጉልበት ግን ሁሉም አይመለስም። ስለዚህ ገዢው ሻጩን በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ይህ የፍጥነት ቍጥር የተለካው በየትኛው ከፍታ ነው የሚል ነው።

በፍርድ ቤት ጽሕፈት የምንውል ሰዎች ነገር በአንድ ምስክር እንደማይጸና እናውቃለን። የጀልባም ፍጥነት እንዲሁ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲገፋ የተገኘው ቍጥር ያደላ ምስክር ነውና ከፊት ሲመጣ የሚገኘውንም መስማት ያስፈልጋል። እኛም በዳር ዳር ባለ ቀጥተኛ ስፍራ 500 ሜትር በገመድ አስለክተን በሁለቱ ጫፍ ነጭ ጨርቅ አሰቀልን። ጀልባይቱ ከመጀመሪያው ምልክት ሳትደርስ ሙሉ ፍጥነቷን እንድትይዝ ከሩቅ አስነሣናት። ሁለት ሰው ብቻ ጭና ከነፋሱ ጋር በ50 ሴኮንድ፣ በነፋሱ ፊት ለፊት ደግሞ በ60 ሴኮንድ አለፈች። የመጀመሪያው በሰዓት 36፣ ሁለተኛው 30 ኪሎ ሜትር ነውና አማካዩ 33 ሆነ።

ይህን ስናሰላ ከዳር ተቀምጠው መሻገሪያ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት ባልቴት፣ የታመመ የልጅ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ «ልጆቼ፣ ሩጫዋንስ አየነው፤ እኛን ከነጓዛችን ጭና ሳታናውጥ ታሻግራለች ወይ? እሱን ንገሩን» አሉ። ባለጀልባውም «እማማ፣ እሱንም አሁን ያዩታል» ሲል መለሰ። ከጠበብት ሁሉ ይልቅ ዋናውን ጥያቄ የጠየቁት እርሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ ሦስት ሰውና ሁለት ኩንታል ማሽላ ተጫነ። ጭነቱ በኋላ በኩል ሳለ ጀልባይቱ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንሥታ፣ ኋላዋን ውኃ ውስጥ ቀብራ ታረስ ጀመር፤ 500 ሜትሩንም በ150 ሴኮንድ፣ ማለት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ጨረሰች። ከዚያም ኩንታሎቹ ወደ መካከል ተስበው ሲታሰሩ ጀልባይቱ ከውኃው ፊት ላይ ወጥታ መንሸራተት ጀመረችና ያንኑ መንገድ በ75 ሴኮንድ ፈጸመች፤ ይህም በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው። ጭነቱ አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ ነፋሱም በዚያው ወገን ሳለ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነው በቦታው መለወጥ ብቻ ነው። ጭነቱን ከልክ በላይ ወደ ፊት መግፋት ደግሞ አፍንጫዋን በማዕበል ውስጥ ይሰካዋልና መካከሉን መያዝ ይሻላል።

ቀጥሎ የተመረመረው ለመሪ መታዘዟ ነው። በዝግታ ስትታጠፍ ትገራለች፤ በሙሉ ፍጥነት ድንገት ስትጠመዘዝ ግን ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ስቦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ግፊቱም ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ መሪውን ማለዘብ ይገባል። ጀልባ ፍሬን የላትም። በድንገት ቢያቆሟት እርሷው ያስነሣችው ማዕበል ከኋላ ደርሶ ወደ ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ማብረድ ነው። ይልቁንም በተከዜ ሐይቅ ላይ ውኃው ሸለቆውን ከነዛፉ ስለ ሸፈነ፣ ሐይቁ ሲጐድል ቅርንጫፎች ወደ ውኃው ፊት ይቀርባሉና በዳር አካባቢ የሚሮጥ ሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ያስይዛል።

ባልቴቲቱም ከነልጁ በዝግታ ተሻገሩ። በዕለቱ ካየነው ፍጥነት ሁሉ ትንሹ የእርሳቸው ጉዞ ነበር፤ ነገር ግን ጀልባይቱ ለምን እንደ ተሠራች ያስረዳን እርሱ ነው።

እንግዲህ ጀልባ የምትገዙ ወይም የምትሳፈሩ ወገኖቻችን ሆይ፣ ፍጥነቷን ባዶዋን ሳይሆን በጭነቷ ጠይቁ፤ በመሄድም በመመለስም አስለኩ። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ በእጁ መታሰሩን ተመልከቱ። ለሕፃኑም ለአረጋዊውም የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ሳይኖር አትነሡ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ይህ ሁሉ በዳር ሳላችሁ ይለቅ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዋናተኛ ብቻ አይደለም፤ በፍጥነት ደስታ ለሚዘነጋ ነጂም ጭምር ነው።