ሲዳርን በአማርኛ ምን እንበለው?

ልጆቻችሁ «ሲዳር በአማርኛ ምንድነው?» ቢሏችሁ አብዛኞቻችሁ «ዝግባ» ትላላችሁ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም የሊባኖሱን ዛፍ ዝግባ ነው የሚለው። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ ሊባኖስን ላላየ አንባቢ ከዝግባ የበለጠ ግርማ ያለው ዛፍ ከየት ይመጣል?

የዕፅዋት ሊቃውንት ግን ዛፍን የሚመድቡት በዝምድናው ነው፤ ዝምድናውንም በተለይ ከፍሬውና ከቅጠሉ ያዩታል። የሊባኖሱ ዛፍ የሳይንስ ስሙ ሴድሩስ ነው፤ ከፓይን ቤተሰብ ይመደባል። መርፌ መሳይ ቅጠሎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ይበቅላሉ፤ ደረቅ ፍሬው ቅርንጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና እዚያው ይፈረፈራል። የኛ ዝግባ ቅጠሉ ጠፍጣፋ፣ ዘሩም በለስላሳ ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ ቤተሰቡ ፈጽሞ ሌላ ነው። (ሊቃውንቱም ቢሆኑ ስም ይቀያይራሉ። ፖዶካርፐስ ይባል የነበረውን ዝግባ ከ1989 ወዲህ አፍሮካርፐስ ይሉታል።)

እዚህ ቨርጂኒያ በየመንገዱ ዳር የምናየው «ቀይ ሲዳር» ደግሞ ከሁለቱም አይደለም። ጁኒፐረስ ቨርጂኒያና ይባላል። የሐበሻ ጥድ ደግሞ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ነው። ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ወገናቸውም አንድ ነው፤ የስጋ ዘመድ በሉት። የሁለቱም እንጨት እርሳስ ይሠራበት ነበር፤ የኛውን ጥድ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እስካሁን «የአፍሪካ የእርሳስ ሲዳር» ይሉታል።

ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር የሆነው በልጄ ምክንያት ነው። «አማርኛ እኮ እዚያ ላለ ነገር ነው» ትለኛለች። ዋንዛ፣ ወይራ፣ ኮሶ ብዬ ባስጠናት የምታሳየኝ ዛፍ የላትም። ጥድን ግን ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ አሳየኋት። ነካችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ለአያቷ ደውላ «እማማ፣ እኛም ጥድ አለን!» አለቻት። እናቴ መጀመሪያ አላመነችም፤ የፈረንጅ ጥድ መስሏት ነበር። እሱ ሌላ ነው፣ ፍሬው ደረቅና እንጨት መሳይ ነው።

ከልጆቻችሁ ጋር ስትወጡ ፍሬውን ፈልጉ፦ ከአተር የሚያንስ፣ ሰማያዊ፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል። ካጣችሁት ዛፉ ወንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚያፈራው ሴቷ ናትና ቀጥሎ ያለውን እዩ።