የፒክአፓችን ዝናብ መጥረጊያ

አፋምቦ ላይ ዝናብ ብርቅ ነው። ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አዋሽ ወንዝ አሳይታን አልፎ ወደ ሐይቆቻችን ይወርዳል፤ መጨረሻው አቤ ሐይቅ ነው። ውሃው የመጣው ግን ከእኛ ሰማይ አይደለም፤ ከሩቅ ደጋ ነው። ታዲያ "እዚህ አገር ለመኪና የዝናብ መጥረጊያ ምን ያደርጋል?" የሚል ሰው አይጠፋም።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ዝናቡ ሲመጣ በድንገት ይመጣል። መስታወቱ ላይ አቧራ ተኝቷል። የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍበት አቧራው ጭቃ ይሆናል። ያን ጊዜ ሹፌሩ ፍየሉን ከመንገዱ አይለይም። ግመል መንገድ ላይ ቆሞ ቢገኝስ? ፒክአፓችን ደግሞ የሚጭነው መጻሕፍት ብቻ አይደለም። ወደ አሳይታ ሐኪም ቤት የምትሄድ እናት ከነልጇ ትሳፈርበታለች።

ባለፈው ነሐሴ መጥረጊያው እምቢ አለ። አምስት ስድስት ጊዜ ይጠርግና መስታወቱ መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይነሳል። ሹፌራችን "ጂኒ ገብቶበታል" እያለ ይስቅ ነበር። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ተሳፋሪዎቹ እኛው ነን።

አንድ ጋራዥ ታየ። "ሞጁሉ ተቃጥሏል፤ አዲስ ይገዛ" አሉ። መጥረጊያውን አውልቀው አላዩም። ዋጋው ደግሞ የብዙ ፍየል ዋጋ ነው።

ለመሆኑ ሞጁል ምንድን ነው? ትንሽ ሣጥን ናት። በውስጧ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ዕቃዎች አሉ። ለመጥረጊያው ሞተር "አሁን ጥረግ፣ አሁን ቆይ" ብላ ታዛለች። በአዳዲስ መኪናዎች አንዷ ሣጥን መብራቱንም፣ የበሩን ቁልፍም ታዝዛለች። ስለዚህ መጥረጊያው፣ መብራቱና የበሩ ቁልፍ በአንድ ላይ ካስቸገሩ ሞጁሏን ወይም ወደ እሷ የሚገባውን ሽቦ መጠርጠር ይገባል። መጥረጊያው ብቻውን ካስቸገረ ግን ቀላሉን ማስቀደም ነው።

የመጥረጊያ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። በ1903 እ.ኤ.አ. ሜሪ አንደርሰን የተባሉ አሜሪካዊት ሴት በእጅ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ በስማቸው አስመዘገቡ። ሹፌሩ ከውስጥ ሆኖ እጀታውን ይስባል፤ ውጭ ያለው ጎማ መስታወቱን ይጠርጋል። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ1960ዎቹ፣ ሮበርት ኪርንስ የተባለ መሐንዲስ ተነሳ። አንድ ዓይኑ በአደጋ ተጎድቶ ነበር። "ዓይናችን ያለማቋረጥ አይርገበገብም፤ ጥቂት እያረፈ ነው። መጥረጊያስ ለምን እንዲህ አይሆንም?" ብሎ አሰበ። እያረፈ የሚጠርገውን መጥረጊያ በኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሠራ። በኋላ ትልልቅ የመኪና ፋብሪካዎችን "ሥራዬን ወሰዳችሁ" ብሎ ከሰሰ። በ1990 እ.ኤ.አ. ፎርድ ኩባንያ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍለው ተስማማ።

ወደ ፒክአፓችን እንመለስ። ከትምህርት በኋላ ኮፈኑ ተከፈተ። ተማሪዎቻችንም ዙሪያውን ቆሙ። መጀመሪያ የታየው ፊውዝ ነው። ፊውዝ ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ራሱ ተቃጥሎ ሽቦውን የሚያድን ዕቃ ነው። የፊውዙ ሣጥን ክዳን ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ፣ ትንንሽ ሥዕልና ቁጥር አለ። የመጥረጊያውን ሥዕል ለማግኘት አላስቸገረም። ቁጥሩን ያነበቡት አንዲት እናት ናቸው፤ ቁጥር ከለዩ ገና ሁለት ወራቸው ነው። "ክዳኑ 20 ይላል" አሉ። ከዚያ ፊውዙን ራሱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። "ይሄ ግን 30 ነው!"

ሹፌሩ ዝም አለ። መኪናው ብዙ ሰው እጅ ላይ አልፏል፤ ማን እንደቀየረው አይታወቅም። የዱሮው ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ አንዱ ያገኘውን ሰክቶበት ይሆናል። ይህ አደገኛ ነው። ባለ 30ው ቶሎ አይቃጠልም፤ በእሱ ፈንታ ሽቦው ይግላል። በፊውዝ ፈንታ ቁራጭ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት የሚያደርጉም አሉ፤ ያ ከዚህም የከፋ ነው፤ መኪና ያነዳል።

ታዲያ የመጀመሪያውን ፊውዝ ምን አቃጠለው? ሹፌሩ የባትሪውን ሽቦ ነቀለ። ሞተሩን ከመጥረጊያው ክንዶች ጋር የሚያገናኘውን ብረት ፈታ። ባትሪውን መልሶ አስነሳው። ሞተሩ ለብቻው ሲሆን ሳያቋርጥ ዞረ፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ። እንግዲህ ሞተሩ ደህና ነው፤ ማብሪያውም፣ "ተቃጠለች" የተባለችው ሞጁልም ደህና ናቸው። ከዚያ ክንዶቹን በእጅ ማዞር ተሞከረ። የግራው ዞረ። የቀኙ ግን እንደ ድንጋይ ደርቋል። ክንዱ የሚዞርበት ዘንግ ውስጥ የዓመታት አቧራ ገብቶ ከዝገት ጋር ተጋግሯል።

ምስጢሩ ይኸው ነበር። ሞተሩ ያን ደረቅ ክንድ ሲጎትት ይግላል። ሲግል በውስጡ ያለች ማቋረጫ ታጠፋዋለች። ሲበርድ ትመልሰዋለች። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት አገር ደግሞ ቶሎ መጋሉ አይገርምም። ጂኒም የለ፣ ምንም የለ።

ዘንጉ ወጣ። በላምባ ታጠበ፣ በጨርቅ ተወለወለ፣ ግሪስ ተቀባ። ባለ 20 ፊውዝ ተገዝቶ ገባ። አሁን መጥረጊያው በዝግታውም በፍጥነቱም ይሠራል፤ እያረፈም ይጠርጋል።

የቀረው የመጥረጊያው ጎማ ነው። ፀሐይ አድርቆታል፤ መስታወቱን ይጭራል። ከሰመራ እንዲመጣ መልእክት ልከናል። እስኪመጣ ድረስ ሹፌሩ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ያነሳል፤ ደረቅ መስታወት ላይ መጥረጊያ አያስነሳም። ባለ 30ው ፊውዝ ከዚያች እናት ዘንድ ነው፤ አልመልስም ብለዋል።